የእናቴ ምራቅ

ያምሮት የታመመችው በጥቅምት ነው። ጎረቤታችን ላቀው አንዲት ልጁ ስትንቀጠቀጥ ቢያይ ልቡ ተሸበረና አዋቂ ጠራ። አዋቂው ልጅቱን በቅጠል ጢስ አፍኖ፣ «ማን በላሽ?» እያለ የመንደሩን ሰው ስም ይጠራላት ጀመር። የእናቴ ስም ላይ ሲደርስ ያምሮት «እ» አለች። በጢስ የታፈነ ሰው ሌላ ምን ይላል? በቃ፣ እናቴ ቡዳ ሆነች።

እናቴ እህተ ማርያም ሸክላ ሠሪ ናት። ከሽንዲ እስከ ቡሬ በእሷ ድስት ያልሠራ የለም። ስታልፍ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ የሚሸፍኑትም እነዚያው ናቸው።

ላቀው ግማሽ መንደር አስከትሎ መጣ።

«እንትፍ በይባትና ልጄን ልቀቂያት!»

በአገራችን የበላው ቡዳ ከተፋበት በሽተኛው ይድናል ይባላል።

«አልልም» አለች እናቴ፣ እጇን ከጭቃው ሳታወጣ።

ሽማግሌው አባ ይርሳው ሊያግባቡ ገቡ። «አንቺ ልጅ፣ አንዲት ምራቅ ምን ታጎድልብሻለች? እንትፍ በይና በሰላም ኑሪ። አለዚያ እኮ ካገር ያስወጡሻል።»

«አባቴ፣ ምራቄን ሰስቼ አይደለም። ከተፋሁ በልቻታለሁ ማለቴ ነው። ነገ ይቺን ልጄን ማን ያገባታል? ያልበላሁትን በልቻለሁ ብዬ ከምኖር ቤቴን አፍርሱት።»

«ይቺን ልጄን» ያለችኝ እኔ ሠርክአዲስ ከኋላዋ ተሸጎጥኩ። እሷ ግን እጇን ታጥባ ተነሳች። «ልጅቱን አሳዩኝ» ስትል፣ ሁሉም ልትተፋ ነው ብሎ መንገድ ለቀቀላት።

ላቀው ቤት ገብታ የያምሮትን ግንባር ዳሰሰች። «አምና የኔዋን ሠርክአዲስን እንዲህ ያንቀጠቀጣት ወባ ነው። እሷንም እኔ በላኋት? ተነሱ፣ ቡሬ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት።»

ማንም ንቅንቅ አላለም። ቡዳ የነካችውን ማን ይንካ! እናቴ ራሷ ጋቢዋን በሁለት አጣና ላይ አስራ ቃሬዛ ሠራች። ልጅቱን አስተኝተን እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተሸከምን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ላቀው እየሮጠ መጥቶ የኔን ጫፍ ተቀበለኝ። ዳገቱ ላይ እያለከለከ፣

«እባክሽ፣ ለማንኛውም አንዴ እንትፍ...» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ተሸከም!» አለችው። ይህ ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ እስቃለሁ።

ወባ ነበር። ያምሮት መድኃኒቷን ውጣ በእግሯ ተመለሰች።

የኅዳር ጽዮን ዕለት፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ላቀው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ እናቴ እግር ሥር ተንበረከከ። «በድያለሁ፤ ይማሩኝ!» አለ። «አንቺ» ቀርቶ «እርስዎ» ሆና ነበር። እናቴ ቶሎ አልማረችውም፤ ትንሽ ይክበደው ብላ ነው መሰል። በመጨረሻ፣ «ጣለው፤ እግዚአብሔር ይማርህ» አለች።

ያምሮት ከአባቷ ኋላ ወጣችና አንገቷን ደፋች። «እትዬ፣ እንትፍ ብለው ይመርቁኝ።»

እናቴ ልጅቱን ትክ ብላ አየቻት።

«እንትፍ! እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ስምሽን ማንም አያጉድፍብሽ!»

እልልታው ቀለጠ። እኔ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። ዞር ብል የልጆቻቸውን ፊት ሲሸፍኑ የኖሩት ሴቶች ነጠላውን ገልጠው፣ «የኔንም! የኔንም!» እያሉ ልጆቻቸውን ወደ እናቴ ይገፋሉ።