ሊፍት ያለበት ፊልም ሁሉ ይዋሻል

ሊፍት መጠገን ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አስፈሪ ፊልም ማየት የጀመርኩት ግን ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ የመናገር መብት አለኝ። ጭራቁን ገና በአሥረኛው ደቂቃ ፊት ለፊት የሚያሳይ ዳይሬክተር ሥራውን አያውቅም። በሩ ገርበብ ሲል፣ ከጀርባው ምንም ሳይታይ ሲቀር ነው እኔ ትራስ አቅፌ የምሸማቀቀው። የመናፍስት ፊልምማ አይነሣብኝ። ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያልፍ መንፈስ በር የሚያንኳኳው ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

አማቴ ደግሞ ድብድብ ከሌለበት ፊልም አይመስላቸውም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከእኔና ከሚስቴ ጋር ስምንተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ትከሻቸው በር ይሞላል። እኔ አባባ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "ፈሪው" ይሉኛል። ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን እንቀመጥና ጭቅጭቃችን ይጀመራል።

"ይሄ ሰውዬ ጥይት አያልቅበትም እንዴ?" እላለሁ።

"አንተ ምን አገባህ? ከፍለህ አልገዛህለት! ዝም ብለህ እይ።"

ሊፍት የመጣ ጊዜ ግን ዝም ማለት አይሆንልኝም። ገመዱ ይበጠስና ሊፍቱ ይወርዳል፤ ውሸት። ጀግናው ጣሪያውን በቡጢ በርግዶ ይወጣል፤ ውሸት። ሁለት ሰዎች የተዘጋውን በር በጣታቸው ፈልቅቀው ይከፍታሉ፤ ይሄኛውማ ያንገበግበኛል። አንድ ቀን ፊልሙን አቁሜ፣ ወረቀት አምጥቼ፣ በእውነት እንዴት እንደሚከፈት ሥዬ አሳየኋቸው። "የውጪውን በር የያዘው እዚህ ላይ ያለው መንጠቆ ነው። ከውስጥ ሆነው ይህችን ጎማ ወደ ጎን ሲገፏት ይለቃል፤ አለቀ።" አባባ ወረቀቱን ዐይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩት። ይህ ከሙያ ጓደኛ በቀር ለማንም የማይነገር ነገር ነው። እያወቅሁ፣ ፊልም ላርም ብዬ ለፈለፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ተጋድሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

"ፈሪው፣ ሊፍቱ ቆሞብኛል። አራተኛና አምስተኛ መሃል ነው መሰለኝ።"

"መጣሁ አባባ። ምንም ነገር እንዳይነኩ።"

"አትልፋ፤ በሩን ከፍቼዋለሁ። ልክ እንዳሳየኸኝ።"

ክው አልኩ። "እግርዎን እንዳያወጡ!" ብዬ ጮኼ፣ ስልኩን ሳልዘጋ የሥራ ቁልፎቼን አንሥቼ፣ ያገኘሁትን ነጠላ ጫማ አጥልቄ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

አራተኛ ፎቅ ስደርስ የፈራሁት ደርሷል። የውጪው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሊፍቱ ከፍ ብሎ ስለቆመ ወለሉ ደረቴ ላይ ይደርሳል። አባባ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ሁለት እግራቸውን ወደ እኔ አንጠልጥለዋል። ከእግራቸው ጀርባ፣ በሊፍቱ ሆድና እኔ በቆምኩበት ወለል መካከል፣ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት አለ። ከዚያ ወዲያ እስከ ምድር ቤት የሚወርድ ጉድጓድ ነው። እሳቸው ከላይ ሆነው የሚያዩት እኔንና ወለሉን ብቻ ነው።

"ዞር በል፣ ልዝለል።"

"አባባ፣ በፈጠረዎት አይዝለሉ። ወደ ውስጥ ይመለሱ።"

"ይቺን? ከስንት የጭነት መኪና ላይ ስዘል የኖርኩት ሰውዬ፣ ይቺን?" ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የእሳቸው አልነበረም። ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ ሆዳቸው ፈትተውታል።

ልይዛቸው አልችልም። ክብደታቸው የእኔን እጥፍ ነው። ከዚያ ከፍታ ተንሸራቶ የሚወርድ ሰው እግሩ ወለል ሲነካ ገላው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በክፍተቱ በኩልም ይገባል። በሊፍት ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው፤ ገመድ ተበጥሶ አይደለም።

"ይግቡና በሩን ልዝጋው። ጣሪያው ላይ ወዳለው ሞተር ክፍል ወጥቼ በእጄ እያዞርኩ ወደ አምስተኛ አነሣዎታለሁ። ቢበዛ ዐሥር ደቂቃ ነው።"

"ልትዘጋብኝ?" ድምፃቸው ቀጠነ። "አልችልም። እዚህ አየር የለም። ግድግዳው እየመጣብኝ ነው፣ ልጄ።"

ፈሪው ሲሉኝ ኖረው ልጄ ሲሉኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። የተዘጋ ቦታ እንደሚፈሩ አላውቅም ነበር፤ ነግረውኝም አያውቁም። በዚህ መሃል እጃቸው ጠርዙን ለቀቀና መቀመጫቸው አንድ ጋት ወደ ፊት ተንሸራተተ።

"አባባ! አንድ ነገር ልንገርዎት። ከዚያ መዝለል ካማርዎት ይዝለሉ።"

"ፊልም ነው?"

"አይደለም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እንደዚህ መሃል ላይ የቆመ ሊፍት ነበር። ውስጡ የነበረው የሥራ ጓደኛዬ ነው፤ በአምስት ዓመት ያንሰኛል። እኔ ልክ አሁን እንደቆምኩት ከታች ቆሜ ነበር። የምሳ ሰዓት ደርሷል፤ እስከ ጣሪያ ወጥቶ ሊፍቱን በእጅ ማንሣቱ ታከተኝ። 'ዝለል፣ እይዝሃለሁ' አልኩት።"

እግራቸው መወዛወዙን አቆመ።

"ዘለለ። እጁን ይዤው ነበር፣ አባባ። ከእግርዎ ጀርባ ክፍተት አለ፤ ለእርስዎ አይታይም። በእሱ በኩል ሄደ። ጣቶቹ ከእጄ አንድ በአንድ ወጡ። ለአለቆቼ በራሱ ፈቃድ እንደዘለለ ነገርኳቸው። ለእናቱም እንደዚያው አልኳቸው። ልጅዎም እስከ ዛሬ አታውቅም።"

እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅሁት ቃሉ አልወጣ ሲለኝ ነው። አባባ ቀኝ እግራቸውን፣ ቀጥለውም ግራውን ቀስ አድርገው ሰበሰቡ፤ ወደ ኋላ እየተንፏቀቁ ከግድግዳው ጋር ተጣበቁ።

"ዝጋው" አሉኝ። "ስልኩን ግን አትዝጋ።"

በሩን ገፍቼ ዘጋሁት። መንጠቆው ቀጭ ብሎ ሲገባ እሳቸው በስልኩ ውስጥ አቃሰቱ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጥኩ ወጣሁ፤ በጆሮዬ የሚገባው የእሳቸው ትንፋሽ ነው፣ አጭርና ፈጣን።

"አለህ?"

"አለሁ አባባ። ሰባተኛ ደርሻለሁ።"

"አለህ?"

"አለሁ። ሞተሩ ክፍል ገባሁ።"

ዋናውን ማብሪያ አጠፋሁ። ፍሬኑን በአንድ እጄ ለቅቄ መዘውሩን በሌላው ያዝኩ።

"ተንቀሳቀሰ! ወዴት እየሄደ ነው?"

"እኔ ነኝ፤ አይፍሩ። እኔ ነኝ የማነሣዎት።"

ገመዱ ላይ የተቀባው የአምስተኛ ፎቅ ምልክት እስኪደርስ ድረስ ቀስ በቀስ አዞርኩ። ፍሬኑን መልሼ አጠበቅሁና ወደ አምስተኛ ፎቅ በረርኩ፤ በሩን በቁልፍ ከፈትኩት። አባባ ጥግ ላይ ተቀምጠው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ደግፌ አወጣኋቸው። የደረጃው አፍ ላይ ተቀመጥን።

ስድብ ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር ጥፊም ጠብቄ ነበር፤ ልጃቸው ያገባችው ሰው ማን እንደሆነ ገና ማወቃቸው ነው። እሳቸው የሸሚዛቸውን ቁልፎች መልሰው ቆለፉ።

"ስሙ ማን ነበር?" አሉኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ከአፌ ወጥቶ የማያውቀውን ስም ነገርኳቸው። እሳቸውም ከእኔ ቀጥለው ቀስ ብለው ጠሩት።

"እናቱ በሕይወት አሉ?"

"አሉ።"

ግድግዳውን ይዘው ተነሡ።

"ተነሥ። እሳቸው ጋ አብሬህ እሄዳለሁ" አሉና ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።