ከአማቱ ሱቅ ጥግ የሚዞረው ተሳቢ

ሾፌሩ የአምናው ጉዱ ሳያንሰው ዘንድሮም በዚያው መታጠፊያ ሊያልፍ ነው። መታጠፊያው ላይ ያለችው የቆርቆሮ ሱቅ የአማቱ፣ የሚስቱ አባት ናት፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። አምና የተሳቢው ጭራ የሱቋን አንድ ጎን ገርስሶ፣ የሙሽራ ሱፍ ከነመስቀያው ይዞ ሄደ። ሱቋንም ሱፉንም ተካ፤ ኩርፊያውን ግን በምን ይተካው? አማቱ ከዚያ ወዲህ «ልጄ» ማለቱን ትተው «ሾፌሩ» ይሉታል። ያውም ሚስቱ ፊት! ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቺ ነገር ትከነክነዋለች።

አሁን ደግሞ አንድ ግዙፍ ትራንስፎርመር አድርስ ተባለ፤ ከሱቋ ጥግ በቀር መንገድ የለም። ሚዛን ጣቢያ ያሉትም «ለእነዚህ ጎማዎች ክብደቱ በዝቷል፣ ተጨማሪ አክስል ከነጎማው አስገጥመህ ና» ብለው መለሱት።

ከሚስቱ ጋር መለዋወጫ ሻጩ ዘንድ ሄዱ። ሁለት ዓይነት አክስል አለ። አንደኛው ቋሚ ነው፤ ጎማው ፊት ለፊት ከማየት በቀር ሌላ አያውቅም። የሁለተኛው ጎማ ግን ተሳቢው ሲዞር አብሮ ይታጠፋል።

«ቋሚው ይሻላል!» አለ ሾፌሩ፣ ብረቱን በጫማው ነካ እያደረገ። «ብረት ማለት ይሄ ነው። ያኛው መገጣጠሚያው በዛ፣ ነገ ጠዋት ይበላሻል።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች ሚስቱ። «እስቲ መጀመሪያ እንሞክረው።»

«ሳይገዛ አክስል ይሞከራል እንዴ?»

«በእግራችን ነዋ!»

በተሳቢው ርዝመት ገመድ አስለክታ ወደ መታጠፊያው ይዛው ሄደች። እሱ ከፊት መኪናው፣ እሷ ከኋላ ቋሚው አክስል ሆኑ፤ ገመዱ ወደሳባት ብቻ ትሄዳለች። ሻጩም ሱቁን ትቶ ሊያይ ተከተላቸው። ሾፌሩ በአፉ ሞተር አስነስቶ ነዳ፤ ታጠፈ። ከኋላ ሳቅ ሰምቶ ዞር ቢል ሚስቱ የለችም። ገመዱ በአማቱ ሱቅ በር ገብቷል።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አሉ አማቱ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው። «ሾፌሩ ዘንድሮ ደግሞ ልጄን ላከብኝ?»

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩም አብሮ ሳቀ። በሁለተኛው ዙር ሚስቱ እንደሚታጠፈው ጎማ እግሯን እያዞረች ሱቋን በሩቁ አለፈች።

«የሚታጠፈውን ስጠኝ» አለ ለሻጩ፣ ቀስ ብሎ።

ትራንስፎርመሩ የመጣ ዕለት አማቱ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ደጃፍ ቆሙ። ሾፌሩ እየተጠነቀቀ ዞረ። አዲሱ ጎማ ሱቋ አጠገብ ሲደርስ፣

«ቁም!» አሉ።

ክው አለ። ፍሬን ያዘ። አማቱ ጎንበስ ብለው በጎማውና በቆርቆሮው መሃል ያለውን ለኩ። አላመኑም መሰለኝ፣ ደግመው ለኩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«አንድ ሙሉ እጅጌ ይወጣዋል! ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሂድ እንጂ ልጄ፣ መንገድ ዘጋህ እኮ!»

ሾፌሩ ማርሽ ማስገባት አቃተው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሚስቱ ከጎኑ ሆና በክርኗ ጎሸመችው። እሱ ግን አንገቱን በመስኮት አወጣና፣

«አባባ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ አልሰማሁም! ምን አሉኝ?» አለ።

ነቅተውበታል። ቢሆንም ደገሙለት።