በዕድሜ የጠቆረ ድንጋይ

አርክቴክቷ ሙሀባ ከሸዋ ሮቢት በላይ ባለው ተራራ ወገብ ላይ የእንግዳ መቀበያ ቤት ስትነድፍ ሐሳቧ ቀና ነበር። ተራራው አናት ላይ አያቶቿ ጥለውት ወደ ቆላው የወረዱት የድንጋይ መንደር አለ። ጣሪያው ከወደቀ ቆይቷል፤ ግድግዳው ግን ድንጋይ በድንጋይ ተነባብሮ እስከዚያ ጊዜ ቆሞ ነበር። ጎብኚ ከመጣ መንደሩ ይጠበቃል፣ የአገሩ ወጣትም ሥራ ያገኛል ብላ አሰበች። ስለዚህ አዲሱን ቤት በጥንቱ አሠራር ነደፈችው፤ ንድፉ ላይም «በዕድሜ የጠቆረ የአካባቢው ድንጋይ» ብላ ጻፈች።

ክረምቱን አዲስ አበባ ሌላ ሥራ ይዟት ቆይታ ስትመለስ ግንቡ ተገባዷል። በእጇ ዳበሰችው። ልክ እንዳሰበችው ነበር፤ ትናንት የተሠራ አይመስልም። ሥራ ተቋራጩን ይልማን አመስግና፣ የጎብኚዎቹን መንገድ ለማየት ከጋሽ አደም ጋር ወደ መንደሩ ወጣች። ጋሽ አደም የመንደሩ አሮጌ መስጊድ ጠባቂ ናቸው፤ ጨዋታ ይወዳሉ፤ የዚያን ዕለት ግን ዳገቱን ከፊቷ ቀድመው ወጡ።

ከመስጊዱ በታች የነበሩት ቤቶች የሉም። መሠረታቸውና የተገለበጠ እርጥብ አፈር ብቻ ቀርቷል።

«ይሄ የማን ቤት ነበር?» አለች ሙሀባ።

«የአባቴ። እዚህ ነው የተወለድኩት።»

«ታዲያ ሲያፈርሱት ለምን ዝም አሉ?»

«ድንጋይ የሚጭኑት ልጆች አንቺ ነሽ ያዘዝሽው አሉኝ» አሉ ጋሽ አደም። «የተማረች ልጃችን ናት፣ አንድ ነገር ቢታያት ነው አልኩ።»

ሙሀባ ታች በእጇ የዳበሰችው ግንብ በዚህ ድንጋይ እንደተሠራ ገባት።

ወርዳ ይልማን ስትጠይቀው አልካደም። «የጠቆረ ድንጋይ ያሉት እርስዎ ነዎት። ከድንጋይ ካባ የሚወጣው ነጭ ነው። ሰው የማይኖርበት ፍርስራሽ ነው ብዬ አነሳሁት።» ሥራው ይቁም አለች።

ያኔ ሁሉም ፊቱን አዞረባት። አሠሪው መሥሪያ ቤት የምረቃው ቀን ተቆርጧል፣ ነገሩን እንለፈው አላት። ግንበኛው ሰዲቅ የአክስቷ ልጅ ነው፤ እሱም «ለፍርስራሽ ብለሽ የእኛን እንጀራ ትዘጊያለሽ?» አላት። እሷ ግን የሥራውን ርክክብ አልፈርምም ብላ ጸናች።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡበት። ግንቡ ፈርሶ ድንጋዩ በአህያ ወደ ቦታው እንዲመለስ ተስማሙ። ተመለሰም፤ ግን የትኛው ድንጋይ የት እንደነበረ የሚያውቅ ጠፋ። ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ውጭ እየተነፋ አስቸገረ፣ ሁለቴም ተናደ። ከጉልበት በላይ ሳይደርስ ተዉት። ሰዲቅም ሥራ ፍለጋ ወደ ደብረ ሲና ወጣ፤ ሳይሰናበታት።

መቀበያው ቤት በነጭ ድንጋይ አልቆ ተመረቀ። የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች ሲመጡ ሙሀባ አብራ ወጣች። አስጎብኚዋ ፈይሩዝ መስጊዱን አሳይታ ሳትጨርስ፣ እንግዶቹ በአጭሩ ግድግዳ ዙሪያ ፎቶ መነሳት ጀመሩ። አንዷ ሴትዮ ስንት መቶ ዓመት እንደሆነው ጠየቀች።

ፈይሩዝ ልትመልስ ስትል ሙሀባ ቀደመቻት። «ይሄ አምና የተሠራ ነው» አለች። «የጥንቱን ያፈረስነው እኛ ነን።»

ሴትዮዋ ስልኳን ዝቅ አደረገች። ፈይሩዝ ከንፈሯን ነክሳ እንግዶቹን ወደ ቁልቁለቱ መራች። ጋሽ አደም መስጊዱ ደጅ ቆመው ሰምተዋል። የዙሁር ሶላት ሰዓት ደርሶ ነበርና ለውዱእ መታጠቢያ ውኃ ሊቀዱ ሄዱ።