ከቁርስ በፊት የሚጠሩ ስሞች

"ታዲያ ስሜን የት ታደርገዋለህ?"

"እዚህ።"

"ብትሞትስ?"

ግሌኒስ ከዚህ በላይ አልሰማችም። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። የማኅበሩ ቤት መተላለፊያ ላይ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆማ፣ ልግባ ወይስ ልመለስ እያለች ከራሷ ጋር ትሟገታለች። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሁለት ወንዶች ዕቃ ያጥባሉ። መላሹ ሌስተር ነበር፤ ጠያቂውን አላየችውም። ሌስተር "እዚህ" ሲል ግንባሩን ይንካ ደረቱን፣ ያንንም አላየችም። ለመጨረሻው ጥያቄ የሰጠውን መልስ ደግሞ አንዳቸው ቧንቧውን ሲከፍቱት የውሃው ድምፅ ዋጠው።

ይህ ከሆነ ሠላሳ ስድስት ዓመት አለፈው። ግሌኒስ በመልሱ ቦታ ብዙ መልስ ስትተካ ኖራለች። አንዱም ግን የሌስተርን አነጋገር አልመስልላት ብሏል።

ዛሬ እዚያው ቤት፣ ከዚያው ወጥ ቤት አጠገብ ባለው ክፍል ውስጥ አራት ሆነው ጠረጴዛ ከበዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ መስኮቱን ያንቀጫቅጨዋል፤ ማሞቂያው ከማሞቅ ይልቅ ይጮኻል። የማኅበሩ ጸሐፊ ኒራጃን ከማኅበራት መዝጋቢ መሥሪያ ቤት የመጣውን ደብዳቤ ለሁለተኛ ጊዜ ያነባል። ከኔፓል መጥቶ በዚህች የወደብ ከተማ፣ በበርኒ፣ ከከተመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነርስ ነው፤ ዛሬም ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ደረቱ ላይ የስም መለያው እንዳለ ነው።

"'የላካችሁት የአባላት መዝገብ ተቀባይነት አላገኘም'" ሲል አነበበ። "'ከአርባ አንዱ አባላት የሃያ ሦስቱ ትክክለኛ ስምና አድራሻ አልተገለጸም። እስከ ወሩ መጨረሻ ተስተካክሎ ካልቀረበ ማኅበሩ ከመዝገብ ይሰረዛል።'"

"'ባሕር ዛፍ ቁጥር ሦስት' ጋ ሲደርሱ ምን አሉ?" አለች ኮራሊ። ኮራሊ ሂሳብ ያዥ ናት። የቤት መሥሪያ ዕቃ መደብር ውስጥ ምስማርና ቀለም ትሸጣለች። በወንድ ስም አድጋ፣ አርባ ዓመት ሲሞላት የራሷን ስም ለራሷ አወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም አትፈራም።

"ሙሉ አድራሻውን ጠይቀዋል።"

"ጫካ ውስጥ በላቸው።"

ማንም አልሳቀም። ኮራሊ ራሷም አልሳቀችም። ይህን መዝገብ ለመሥሪያ ቤቱ የላኩት እነሱ ራሳቸው ናቸው። ኒራጃን አዲስ ጸሐፊ ስለነበር እንዳገኘው ገልብጦ ላከው፤ ግሌኒስም ሳታነብ ፈረመችበት። እንዲያ ደክሟት ነበርና።

የዛፎቹ ነገር የቆየ ነው። ሕጉ ወንድ የወደደ ወንድን ያስር በነበረበት ዘመን፣ ወደዚህ ቤት የሚመጣ ሰው መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው በዛፍ ስም ነበር። ጥድ፣ ዝግባ፣ ጥቁር ግራር፣ ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፍ የወደደው ሰው ስለበዛ ቁጥር ተጨመረበት። እውነተኛውን ስም የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ስም ጠባቂ ይሉታል። ስም ጠባቂ አይጽፍም። በቃሉ ይይዛል። ሕጉ ከተለወጠ በኋላ የመጡት ሁሉ በስማቸው ተመዘገቡ፤ ሃያ ሦስቱ ግን እንደ ዛፍነታቸው ቀሩ። ሚስት አግብተዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነዋል፤ የልጅ ልጅ አቅፈዋል። ወደዚህ ቤት አይመጡም። ግን በየዓመቱ የማኅበሩ የምርጫ ወረቀት ሲደርሳቸው ሞልተው፣ በዛፋቸው ስም ፈርመው ይመልሳሉ። አንድም ዓመት አላጎደሉም።

ስም ጠባቂው ደግሞ ሌስተር ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል፤ ስኳር ካቆመ ግን አምስት ዓመት ሆኖታል።

"አባባ ሌስተር" አለ ኒራጃን በትሕትና። "ስሞቹን እርስዎ ከነገሩኝ እኔ ዛሬውኑ..."

"አባባ አትበለኝ። የወለድኩት ልጅ የለም።"

"እሺ፣ አባባ።"

ኮራሊ ሳቋን በብስኩት አፈነችው።

"አልናገርም" አለ ሌስተር። "ምያለሁ። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ እግዚአብሔርን ምስክር አድርጌ ነው የማልኩት። መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ ብዬ አላፈርሰውም።"

"ደብዳቤ ልከን እነሱኑ ብንጠይቃቸውስ?"

"ፖስታውን ሚስት ትከፍተዋለች። ስልክም ያው ነው። እኔ በእጄ ነበር የማደርስላቸው፤ አንዱን ወደቡ ላይ፣ አንዱን ችግኝ መሸጫው ጋ። አሁን ሐኪሙ መንጃ ፈቃዴን አስመልሶኛል። ተዉኝ በቃ።"

ግሌኒስ ታዳምጣለች። በሹራቧ ኪስ ውስጥ ሁለት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። የሊቀ መንበርነት መልቀቂያዋ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሊቀ መንበር ሆናለች። ዘወትር ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥታ የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች። ከዚያ የማኅበሩ ጣራ ያፈስሳል፤ ሽንት ቤቱ ይደፈናል፤ ለእሑዱ ምሳ ዱባው ይላጣል። ሰው ሲጨንቀው የሚደውልበት የማኅበሩ ስልክ የሚጮኸው በእሷ ኪስ ነው። አብራት የምትኖረው ሜቭ ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ራሷ አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከትታላታለች። "ሳትሰጪያቸው እንዳትመጪ" ብላለች። "ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ እሑድ እንኳ ከእኔ ጋር ምሳ በልተሽ አታውቂም።" ሜቭ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

ግሌኒስ ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"በዚህ መሐል ማምጣቴ ደግ አይደለም፤ አውቃለሁ" አለች። "ግን ደግ ቀን ስጠብቅ ሦስት ዓመት ሆነኝ።"

ሁሉም ጠረጴዛውን ያዩ ጀመር። የኒራጃን ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ከመጣ ጀምሮ ሽንቱ ይዞታል፤ ግን አልተነሣም። በዚህ ቤት ስብሰባ ላይ ሽንት ቤት የሄደ ሰው ሲመለስ ራሱን ተመርጦ ያገኛል። እሱም ጸሐፊ የሆነው እንደዚያ ነው።

"እኔን እንዳታዩኝ" አለች ኮራሊ።

"ማንም አላየሽም" አለች ግሌኒስ።

"እኮ! ሁላችሁም ጠረጴዛውን ስታዩ ይገባኛል።" ብስኩቷን አስቀመጠች። "ስሚኝ፣ ግሌኒስ። እኔ ሰነፍ አይደለሁም። ግን ሊቀ መንበር ሆኜ የመጀመሪያ ሥራዬ ይህን ቤት መዝጋት እንዲሆን አልፈልግም። ከመዝገብ ከተሰረዝን ማዘጋጃ ቤቱ ቁልፉን ይወስዳል። እሑድ እሑድ እዚህ የሚበሉትን ሽማግሎች የት እወስዳቸዋለሁ? መዝገቡ ይስተካከል፤ በማግሥቱ እቀበልሻለሁ። ካልተስተካከለ ግን አልነካውም።"

ሌስተር ተነሣ። ኩባያዎቹን ሰብስቦ፣ ኒራጃን ያልጠጣውን ሻይ ጭምር ይዞ፣ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ቧንቧው ሲከፈት ተሰማ።

ግሌኒስ ተከትላው ገባች። ፎጣ አነሣችና እሱ የሚያጥበውን ታደርቅ ጀመር። ልትለምነው አልነበረም የገባችው። መለመኑ ሰልችቷታል። ሦስት ኩባያ አደረቀች።

"ሃያ ሁለት ናቸው" አለ ሌስተር ፊቱን ሳያዞር።

"ሃያ ሦስት ነው ያለው ኒራጃን።"

"መዝገቡ ላይ ሃያ ሦስት ነው። እኔ ጋ ሃያ ሁለት ናቸው። ከሐሙስ ጀምሮ።"

ግሌኒስ ያደረቀችውን ኩባያ አስቀመጠች።

"ጠዋት ቁርስ ሳልቀምስ እጠራቸዋለሁ" አለ። "ተንበርክኬ ነበር፤ አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። አንድ በአንድ፣ በመጡበት ተራ። ለእያንዳንዱ 'ዛሬንም ሰውረው' እላለሁ። አንድ ቀን አቋርጬ አላውቅም፤ ሆስፒታል ተኝቼም እንኳ። ሐሙስ ዕለት ጥቁር ግራር ጋ ስደርስ፣ በጨለማ ደረጃ ስትወርጂ አንድ ደረጃ አለ ብለሽ እግርሽን ስታሳርፊ እንደምታጪው፣ እንደዚያ ሆነብኝ። አርብም ያው። ዛሬም ያው።"

"ሰውየውን ረሳኸው?"

"ሰውየውን አልረሳሁም! ቤቱ ዊንያርድ ከተማ ነው፤ ከመርከቦች መብራት ማማው በታች፤ ደጁ ላይ የተገለበጠ ጀልባ አለ። ሚስቱ ስትሞት ከመቃብሩ የመለስኩት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ሲወርድ ግን እጄን ጨበጠኝ። የግራ እጁ አውራ ጣት ጥፍር የላትም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ስሙ ነው የሌለው።" ቧንቧውን ዘጋው። "ደብዳቤው ሲነበብ 'ምያለሁ' አልኩ። እውነት ነው፣ ምያለሁ። ግን ሃያ ሁለቱን ብናገር ሃያ ሦስተኛው ጋ እንደምቆም ስለማውቅም ነው። ይህን ልነግራችሁ አፈርኩ።"

ግሌኒስ የመጨረሻውን ኩባያ አነሣች። ከአፏ የወጣው ያልጠበቀችው ነገር ነበር።

"ያኔ ምን ብለህ መለስክለት?"

"ለማን?"

"እዚሁ ቆማችሁ ዕቃ ስታጥቡ። አንድ ሰው 'ብትሞትስ?' አለህ። እኔ መተላለፊያው ላይ ነበርኩ።"

ሌስተር ዞሮ አያት። ቀስ ብሎ ፈገግ አለ።

"ካፖርት የለበሰችው ልጅ። ከፖሊስ ጣቢያ የተላክሽ መስለሽን ነበር እኮ።" ፈገግታው ቶሎ ጠፋ። "አላስታውስም። 'አልሞትም' ብዬው ይሆናል። ያኔ ጅል ነበርኩ። 'ብትረሳስ?' ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። እሱ ለማናችንም አልታየንም።"

"የጠየቀህ ጥቁር ግራር ነበር?"

"ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። አየሽ፣ ይሄም አሁን የለም።"

ዝናቡ መስኮቱን መምታት ጀመረ። ግሌኒስ የደረቀውን ኩባያ ደግማ አደረቀች።

"መሐላህን ማፍረስ የለብህም" አለች በመጨረሻ። "እያንዳንዳቸው ጋ እንሂድ። እኔ ልንዳ። በዚህ ወረዳ ያልገባሁበት መንገድ የለም። አንተ ጠይቃቸው፤ ይጻፍ ያለ ይጻፋል፤ አይጻፍ ያለ ከመዝገቡ ይወጣል፤ አንተ ጋ ግን ይቀራል። ሁለት ሳምንት አለን።"

"ሜቭስ?"

"ለሜቭ እነግራታለሁ። ለሁለት ሳምንት ትቆጣለች፤ ከዚያ እሑዱ የእሷ ነው። የአሁኑን ቃሌን አልበላም።"

"ሃያ ሁለቱ ይሁን። ዊንያርድ ግን አልሄድም።"

"እኔ ላንኳኳለት። አንተ መኪና ውስጥ ቁጭ በል።"

"አንቺን አያውቅሽም። በሩንም አይከፍትልሽም።" ሰፍነጉን ጨምቆ አስቀመጠ። "ግሌኒስ፣ ይህ ሰው ለራሱ ወንድም እንኳ ያልነገረውን ነው ለእኔ የሰጠኝ። አሁን በሩን አንኳኩቼ ምን ልበለው? ጣልኩብህ ልበለው?"

ግሌኒስ ሌላ ጊዜ ቢሆን ታግባባው፣ ታባብለው ነበር። ዛሬ ጉልበቱ አልነበራትም፤ ምናልባት እንዲያውም ደግ ሆነ። ፎጣውን አጥፋ ማድረቂያው ላይ ሰቀለች። ሌስተር እጁን በሱሪው ጠራረገና ጥቂት ቆሞ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። እየጠራ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ቆመ። ከዚያ ዘልሎ ቀጠለ።

ወደ ክፍሉ ሲመለሱ ኒራጃን የለም። ኮራሊ በአገጯ ወደ ሽንት ቤቱ ጠቆመች።

"አልቻለም ምስኪኑ። ምን እንሹመው?"

"ምንም" አለች ግሌኒስ። "ይበቃዋል።"

ኒራጃን ሮጥ ብሎ ተመልሶ፣ ፊታቸውን አንድ በአንድ መረመረ፤ ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ከፈተ። ኮራሊ የግሌኒስን ወረቀት አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "መዝገቡ እስኪስተካከል እኔ ጋ ይቆይ" አለች። "አልቀደውም። አልክድሽም።"

"እንግዲህ ምን ተወሰነ ብዬ ልጻፍ?" አለ ኒራጃን።

ግሌኒስ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሌስተር ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

"ጻፍ" አለው። "ሌስተር አንድ ስም ጠፍቶበታል። አዎ፣ እንደዚያው ጻፈው። ማክሰኞ፣ ግሌኒስ ተማሪዎቿን አውርዳ ስትጨርስ፣ ዊንያርድ ሄዶ የሰውየውን በር ራሱ ሊያንኳኳና 'ስምህን እንደገና ንገረኝ' ብሎ ሊጠይቀው ተስማማ።"

ኮራሊ ብስኩቷን ከአፏ አወረደች። የኒራጃን ብዕር ቆመ።

"የሰውየው ስም... ማን ልበል፣ አባባ?"

"ቦታውን ባዶ ተወው" አለ ሌስተር። "ሰፋ አድርገህ ተወው።"