አጥፍተናል በሉ

ባለቤቴ ይታያል ካረፈ ዓመት ሳይሞላው፣ የራሱን ፎቶ ሰርቃችኋል የሚል መልእክት ከውጭ አገር መጣብን።

መልእክቱ የደረሰው ያርጋል ስልክ ላይ ነው። ያርጋል የይታያል ጓደኛ ነው። ሁለቱም ደባርቅ ላይ አስጎብኚ ነበሩ፤ ፈረንጅ ይዘው ስሜን ተራራ ይወጣሉ። ይታያል በሕይወት ሳለ ለአንድ የጎንደር ልጅ ከፍሎ በስሙ ዌብሳይት አሠርቶ ነበር። እንግዶቹ እዚያ ላይ አይተው ይጽፉለታል፤ እሱም በቅሎውን፣ ስንቁን፣ ምግብ አብሳዩን አዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። እሱ ከሞተ በኋላም መጻፋቸውን አላቆሙም። ያርጋል እየመለሰላቸው፣ እንግዶቹን እየወሰደ፣ ከሚያገኘው ለእኔና ለልጄ ለሲሲ ያካፍለን ነበር። የቤት ኪራዩም፣ የሲሲ ትምህርት ቤትም ከዚያ ነው የሚወጣው። ዌብሳይቱ ከተዘጋ ከተራራው ማዶ በየዳ ወንድሜ ቤት ከመግባት ሌላ መሄጃ እንደሌለኝ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ያን ቀን የግቢውን በር ሳያንኳኳ ገባ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር።

«አበባየሁ፣ ያቺን ፎቶ ማን ነው ያነሳት?»

«የቷን?»

«ጋቢ ደርቦ የሚስቅባትን። ዌብሳይቱ መግቢያ ላይ ያለችውን።»

«እኔ ነኛ። ምነው?»

ስልኩን ሰጠኝ። እንግሊዝኛው ረጅም ነው፤ እኔ የምለየው እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ነው። ያርጋል እያቆመ ነገረኝ። የጻፈው ፎቶ የሚሸጥ ድርጅት ነው። ፎቶዋ የደንበኛችን ንብረት ናት፣ ያለ ፈቃድ ተጠቅማችሁባታል፣ ካሳ ክፈሉ፣ ካልከፈላችሁ ዌብሳይታችሁ ለተቀመጠበት ኩባንያ አመልክተን እናዘጋዋለን ይላል። የጠየቁትን ያርጋል ዓመቱን ሙሉ ተራራ ሲወጣና ሲወርድ ቢከርም አያገኘውም። ከሥር የሚነካ ሰማያዊ ጽሑፍ ነበር። ሲነካው ይታያል ወጣ።

የእኔው ይታያል። የድርጅቱ ስም በነጭ ፊደል ተደጋግሞ ፊቱን አቋርጦታል።

«ከሥሩ ያለው ምን ይላል?»

ያርጋል ስልኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

«ንገረኝ እንጂ።»

«ኢትዮጵያዊ እረኛ ይላል።»

ፎቶዋን ያነሳኋት ተራራው ላይ ሳንቃበር በሚባለው ቦታ ነው፣ በተጋባን በዓመቱ። እንግዶች ይዞ ሲወጣ «ነይ እንጂ፤ ተራራው ሥር ተቀምጠሽ ተራራውን ሳታዪው ልታረጂ ነው» ብሎ አስከተለኝ። አንዷ እንግዳ ብርዱ ሲያንዘፈዝፋት ጃኬቱን አውልቆ ሰጣትና እሱ የጥበቃውን ሰው ጋቢ ተውሶ ደረበ። ዱላውንም ተቀበለው። ከዚያ ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥሎ «ይቺን ተጫኛት፤ ቀጭ ስትል በቃ» አለኝ።

«ሳቅ በላ» አልኩት።

«በነፃ አልስቅም።»

«የደረስጌ ማርያም ገበዝ መስለሃል። መቋሚያህን ቀና አድርግ።»

ያኔ ነው የሳቀው። ተጫንኳት።

ያርጋል እንደሚለው አንዱ ከእኛው ዌብሳይት ላይ ወስዶ የእኔ ናት ብሎ ለድርጅቱ ሰጥቷታል። ማን ነው ስለው «ምኑን አውቄው። ኢንተርኔት እኮ ነው፤ ሰፈር የለውም» አለኝ። በዚያው ምሽት ፎቶዋን ያነሳችው ሚስቱ ናት፣ በሕይወት አለች፣ ደባርቅ ትኖራለች ብሎ ጻፈላቸው። ፈጥነው መለሱ። እንግዲያው ከካሜራው የወጣውን ዋናውን ፋይል ላኩ አሉ።

ካሜራው የለም። ይታያል ጉበቱን ታሞ ጎንደር የተኛ ጊዜ ለመድኃኒት ተሸጧል፣ ካርዱ ውስጡ እንዳለ። ላፕቶፑ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ፤ እሠራዋለሁ ያለው ልጅ የውስጡን ዕቃ ነቅሎ ቀፎውን መለሰልን።

«ታዲያ እናውርዳትና ይተውን» አልኩ።

ያርጋል እየከፋው አወረዳት። በቦታዋ የጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶ ተካ። «ለዚህኛው እንኳ ባለቤት እስኪመጣለት ትንሽ እናርፍ ይሆናል» አለ፤ ሁለታችንም አልሳቅንም። ድርጅቱ ግን ማውረዳችሁ እስካሁን የተጠቀማችሁበትን አያስቀርም ብሎ መለሰ።

ወረዳ ሄድን። ጠረጴዛው ጋ የነበረው ሰው እስክንጨርስ በደግነት አዳመጠን።

«ከሳሹ የት ነው የሚኖረው?»

«አናውቅም» አለ ያርጋል።

«ስሙስ?»

«ድርጅት ነው።»

«እህቴ» አለ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መጥሪያ ብጽፍልሽ ለማን ታደርሽዋለሽ?»

አማቴ አያ ላቀው የሰሙት ዳባት ሆነው ነው። በቅዳሜ ገበያ መኪና ተሳፍረው መጡ። በዚያ ዙሪያ የተጣላ ሁሉ የሚፈልገው እሳቸውን ነው፤ የመሬት ቢሆን፣ የባልና ሚስት ቢሆን፣ የደምም ቢሆን። ሲሲን ስመው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ያርጋል ስልኩን እስኪያቀርብላቸው ጠበቁ። የልጃቸውን ፊት ሲያዩ እጃቸው መስታወቱ ላይ ቆየ። በመነካቱ ምስሉ ጠፋባቸው፤ ያርጋል መለሰላቸው።

«ፊቱ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?»

«እንዳይሰረቅ ነው፣ አያ ላቀው።»

«ከማን?»

«ከእኛ።»

«ከሥርስ ምን አሉት?»

ያርጋል አየኝ። «እረኛ ብለውታል» አልኩ እኔው።

«እረኛ?» ሽማግሌው ቀና አሉ። «በጎቼን ሸጬ ነው እኮ ያስተማርኩት። የሚጠብቀውን በግ ከየት አምጥተው ሰጡት?»

ያርጋል ሳቁ አመለጠውና አፉን ያዘ። እሳቸውም ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ አስነገሩት፤ ማን ምን እንዳለ፣ እኛ ምን እንደመለስን። ጨርሶ ሲነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እናንተ የመለሳችሁት ክርክር ነው። የእኛ ናት አላችሁ፣ እነሱም የእኛ ናት አሉ። እንዲህ ተይዞ እርቅ የለም። አጥፍተናል በሉ።»

«እኛ መቼ አጠፋን?» አለ ያርጋል።

«አጥፍተሃል ወይ መች አልኩህ? አጥፍተናል በል ነው ያልኩህ።»

«አባባ» አልኩ፣ «እኔ ነኝ እኮ ያነሳኋት። በእነዚህ እጆቼ።»

«አውቃለሁ ልጄ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድሜን የገደሉብኝ ጊዜ ሬሳው የኛ ነበር። በደሉ የማን እንደሆነ አገር ያውቃል። ለእርቅ የተቀመጥን ቀን እነዚያ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ቆሙ፣ አንዱም ቃል አይወጣው። ተነሳሁና እኛም አጥፍተናል አልኩ። ምን አጥፍተን? ምንም። ግን ያን ስል ያ ሰውዬ አለቀሰ። ዛሬ ልጄን ለልጁ ድሬለታለሁ። ሰው ሲያጎነብሱለት የሚያፍር ፍጥረት ነው።»

የዚያን ቀን እሳቸውን አምኜ ነበር። ያርጋልም አምኗል፤ እሱም የተወለደው ጃናሞራ ነው፣ እንዲህ ሲሆን አይቶ ነው ያደገው። ታናሽ ሆኖ ቀድሞ ጥፋቴ ነው ያለ ሰው እዚህ አገር ተረግጦ አያውቅም። አያ ላቀው ተነስተው ቆመው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ሰዎቹ ፊት ለፊታቸው የተቀመጡ ይመስል ቃሉን ሰጡ። ያርጋል በእንግሊዝኛ ጻፈ።

«እኛ የይታያል ቤተሰቦች አጥፍተናል። ሳናውቅ ያጠፋነውም ይኖራል። ልጃችን አርፏል። ሚስቱና ልጁ የሚያድሩት በዚሁ ነው። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉን።»

«ስለ እግዚአብሔርን ምን ብዬ ልጻፈው?»

«እንዳለ ነዋ። እነሱ አገር እግዚአብሔር የለም?»

«በዚህ ጉዳይ ገብቶ አያውቅማ።»

«ጻፍ ብያለሁ፣ አንተ ቀልደኛ።»

ላከው። አያ ላቀው መልሱ በዚያው የሚመጣ መስሏቸው ማዶ ማዶ እያዩ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ መኪና እንዳያመልጣቸው ሄዱ። ደጃፉ ላይ «እሺ ሲሉሽ ላኪብኝ፤ ምርቃቱን ራሴ ነኝ የምመርቃቸው» አሉኝ።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። አጭር ነበር። ጥፋታችሁን በጽሑፍ ስላመናችሁ እናመሰግናለን፣ ቃላችሁ ከጉዳዩ ጋር ተያይዟል፣ የተጠየቀው ክፍያ እንደ ጸና ነው ይላል። ስለ ሞተው ሰው አንድም ቃል የለበትም። ያርጋል ደጋግሞ አነበበው፤ ሌላ ነገር ተደብቆ እንደሆነ ብሎ ይመስለኛል። በማግስቱ ደግሞ ዌብሳይቱ የተቀመጠበት ኩባንያ ጻፈ። ራሳችሁ ማመናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ስለቀረበልን አገልግሎታችንን አቋርጠናል አለ። ማስረጃውም አብሮ ተያይዟል። የአያ ላቀው ቃል ነው፣ ስለ እግዚአብሔሩም ሳይቀር።

ያርጋል ጻፈላቸው። ያ የአገራችን ልማድ ነው፣ ሽማግሌ ነው ያናገረን፣ ማለታችን እንዲህ ነው ብሎ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈላቸው። ካመናችሁ በኋላ ክርክር አንቀበልም አሉት። እንደገና ጻፈ። ከዚያ ወዲያ የመለሰለት የለም። ወር ጠብቀው ሊመጡ የነበሩ ጥንዶች ደውለው ዌብሳይታችሁ ጠፋብን፣ ከአጭበርባሪ ጋር ነው ወይ የተነጋገርነው ብለው ጠየቁት። አይደለም አላቸው። እሺ አሉና ከሌላ ሰው ጋር ወጡ፤ ደባርቅ መናኸሪያው ጋ በዓይኑ አያቸው።

አያ ላቀው ሳልልክባቸው መጡ። ዝምታችን ገብቷቸዋል። ያርጋል ሁሉንም አነበበላቸው። ያነበበው ቀስ ብሎ ነው፤ እሳቸውም አላቋረጡትም።

«የጻፈው ማን ነው?» አሉ መጨረሻ ላይ።

«ስም የለበትም።»

«ሰው ሳይኖር ይጻፋል?»

«የመብት ማስከበር ክፍል ነው የሚለው።»

«ክፍል?» ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ቤት ነው ያጎነበስኩለት በለኛ።»

ያርጋል ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የተናገሩት ሁሉ ትክክል እንደነበረና ምንም እንዳልረዳ እያወቁ ተቀመጡ። አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ቤት ነይ» አሉኝ። ግን የሚኖሩት ዳባት ሴት ልጃቸው ቤት ነው፤ ልጅቷ ከእነልጆቿ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምታድረው። እኔም ያልኳቸው ይህን ብቻ ነው፦ «ኑሩልኝ አባባ፤ ወንድሜ ይጠብቀኛል።»

ያርጋል ሌላ አስጎብኚ ድርጅት ተቀጠረ። ለእኔ እንዲያካፍል የሚተርፈው የለም፤ ቢሞክርም እኔ አልቀበልም። ሲሲን ከትምህርት ቤት አስወጣኋት። በየዳ ከወንድሜ ቤት ትምህርት ቤቱ ከወንዝ ማዶ ነው፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ልጆቹ ቤት ይውላሉ። ይታያል ይህን ስለሚያውቅ ነበር ልጄ ደባርቅ ነው የምትማረው ሲል የኖረው። ምንጣፉንና ድስቱን ሸጬ፣ አልጋውን ለአከራይዋ ትቼ፣ የቀረውን በሁለት ጆንያ ከተትኩ።

አይሱዙው ከደባርቅ በጠዋት ተነሳ። ከጭነቱ በላይ ተቀምጠናል፤ ሲሲ ጉያዬ ውስጥ ነች። መንገዱ በፓርኩ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ሳንቃበርን ስናልፍ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨነቅ ከሚባለው ቦታ አጠገብ አንድ የእንግዶች መኪና ጥጉን ይዞ ቆሟል። እንግዶቹ ወርደው ገደሉን ያያሉ። የእኛ መኪና አቀበቱን እያቃሰተ ሲቀርብ አንዱ ዞረና አየን። ካሜራውን አነሳ።

«እማዬ፣ አየን!» አለች ሲሲ፤ ቀና ብላ ሁለት እጇን ታወዛውዝለት ጀመር። እየሳቀች ነበር። አባቷ ያስተማራት ነው፤ እንግዳ ሲያዩ እጅ ማወዛወዝ።

እጇን ይዤ አወረድኩት። ነጠላዬን በፊቷ ላይ ጣልኩ። ታገለችኝ፣ «እማዬ ተይኝ፣ ተይኝ፣ ፎቶ እኮ ነው» አለች። ሰውየው ካሜራውን ሳያወርድ ከእኛ ጋር እየዞረ ተከተለን፤ መኪናው ኩርባውን እስኪዞር ድረስ በነጠላው ላይ አጥብቄ እንደያዝኳት ነበርኩ።