የዲሹ ክንድ

"ጃኬቴን አምጪልኝ" አለ አባቷ።

እሷ አልጋው ስር ተንጋልላ የራስጌውን ብሎን እየፈታች ነበር። ወጥታ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለትና ተመልሳ ገባች።

"ጫማዬስ?"

"እግርህንም በረደህ እንዴ? ካልሲ ልደርብልህ?"

"ሰው በካልሲ ነው ከቤቱ የሚወጣው?"

የብሎን መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጣ ቀና አለች። አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚታዘዝለትን ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በር በሩን ያያል። ያኔ ገባት።

"አባዬ፣ የትም አትሄድም። አልጋህን ላሻሽለው ነው የፈታሁት።"

"ታዲያ አትናገሪም? ሰው እኮ በሐሳብ ይሞታል።"

ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ግራ ጎኑ ከከዳው ወዲህ ከምግብ በኋላም ሆነ በየመሃሉ ቀና የምታደርገው እናቷ ናት፤ ተጋድሞ ከዋለ ሳንባው እንደሚጎዳ ሐኪሙ ተናግሯል። ባለፈው ሳምንት ግን የእናቷ ወገብ ተያዘ። ታላቅ ወንድሟ ግድግዳ ተደግፋ ስትሄድ አያትና "አባዬ መጦሪያ ቤት ይግባ፤ አለዚያ ሁለት በሽተኛ ልናስታምም ነው" አለ። እሁድ ቁርጡን ሊነጋገር ይመጣል። ልጅቷም ሥራ ውላ ስለምትገባ "እኔ አነሳዋለሁ" ብላ ልትከራከረው አልቻለችም።

ያላት ነገር ጣራ ላይ የዛገው ትልቁ ዲሽ ነበር። ሳህኑን ወዲያና ወዲህ ያዞር የነበረው የብረት ክንድ፣ ሞተሩ ሲዞር የሚረዝም፣ በተቃራኒው ሲዞር የሚያጥር፣ አሁንም ይሠራል። ሲረዝም ራስጌውን ቀና እንዲያደርግ ፈትታ አወረደችውና ከአልጋው ስር ገጠመችው።

"ይሄ የዲሹ አይደለም እንዴ?" አለ አባቷ ሲያየው። "እንግዲህ ቀና ባልኩ ቁጥር ቻናል ልይዝልሽ ነው።"

"ዜና ብቻ እንዳትይዝብኝ።"

የኤሌክትሪክ ሥራው ቀላል ነበር። የሞተሩ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ሲቀያየሩ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ስለዚህ አንድ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ፣ ለመውጣት፣ አንድ ሪሌ ለመውረድ። ክንዱ ጥግ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጡ ትንንሽ ማጥፊያዎች አሉ። ሰዓቱን ጠብቆ ሁሉንም የሚያዘው ታይመሩ ነው። በሩዝ ከረጢት ሞከረችው። ከረጢቱ ቀና አለ፣ ቆየ፣ ተመልሶ ተኛ።

"ከእኔ ይሻላል" አለች እናቷ ወገቧን ይዛ። "አያቃስትም።"

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አባቷን አስተኙት። ያለ ሰው መሥራቱን ለማየት ሆን ብላ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ታይመሩ ቀጭ ሲል ሰማችው።

"ኧረ! ኧረ አውርዱኝ!"

ሮጣ ስትገባ አንሶላውን በቀኝ እጁ ጨምድዶ ይዟል። ክንዱ ጥግ ሳይደርስ ማንንም አይሰማም፤ እንዲሰማ አድርጋ አልሠራችውም። ሶኬቱን ነቀለችው። አልጋው መሃል ላይ ቀረ፤ አባቷም አብሮት፣ ሳይተኛም ሳይቀመጥም።

"አመመህ?"

"አላመመኝም።"

"ፈጠነብህ?"

"ሹፌር የሌለው መኪና ላይ ጭነሽኝ ስለ ፍጥነት ትጠይቂኛለሽ?"

እናቷ "መጣሁ፣ መጣሁ" እያለች ከጓሮ ገባች። እጇን ማጅራቱ ስር ሰደደች። አባቷ አገጩን ወደ ደረቱ አስጠጋ፤ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ አንሶላውን ለቀቀ። ያነሳችው ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ቀና ሲል እሷ ከንፈሯን ነክሳ የአልጋውን ጠርዝ ያዘች።

ልጅቷ ይህን በየቀኑ ስታየው ኖራለች። እናቷ ከበር ጀምራ ትናገራለች፤ እጇን ታስቀድማለች፤ እሱ ይዘጋጃል። ይህም የማንሳቱ ሥራ ክፍል መሆኑን ግን አስባው አታውቅም። በሩዝ ከረጢት የሞከረችውን ነገር በሩዝ ከረጢት ልክ ነበር የሠራችው።

መጀመሪያ ከመነሳቱ በፊት የሚጮኽ ደወል ልትጨምር አሰበች። ግን ደወል ያስጠነቅቀዋል እንጂ እስኪዘጋጅ አይጠብቀውም ብላ ያነሳችውን ደወል መልሳ አስቀመጠችው። ከታይመሩ ወደ ሪሌዎቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች በፒንሳ ቆረጠቻቸው። ታይመሩን ቀና የማለቱ ሰዓት ሲደርስ ከምትበራ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ጋር አገናኘችው፤ ሪሌዎቹን ደግሞ በአባቷ ቀኝ እጅ ስር ከምትሆን ባለ ሁለት ቁልፍ ሳጥን ጋር። አንዱ ያወጣል፣ አንዱ ያወርዳል። ጣቱን ካነሳ ይቆማል።

"መብራቱን ባያየውስ?" አለች እናቷ።

"ትጮሂብኛለሻ" አለ አባቷ። "ለመጮህ ደግሞ ወገብ አያስፈልግም።"

እሁድ ወንድሟ ወንበር ስቦ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። አባቱን ቁልቁል እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ።

"አባዬ፣ ጠልተንህ እኮ አይደለም። ለእማዬም ስንል፣ ለአንተም ስንል…"

አረንጓዴዋ መብራት በራች። እናቷ እንደ ልማዷ ብድግ ስትል ልጅቷ እጅጌዋን ይዛ አስቀረቻት።

አባቷ አገጩን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

"መጣሁ" አለና ቁልፉን ተጫነ።

ክንዱ እያጉረመረመ ረዘመ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ አባቷ ጣቱን አነሳ፤ ትንፋሽ ወሰደና እንደገና ተጫነ። ፊቱ ከልጁ ፊት ትክክል ሲሆን አቆመው።

"እሺ፣ ምን እያልክ ነበር?"

ወንድሟ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ። የጀመረውን ትቶ ጎንበስ ብሎ የአልጋውን ስር አየና "ይሄ የዲሹ አይደለም እንዴ?" አለ።