ሶፋ ሠሪው ታንኳ ሲመርጥ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሶፋ ሠሪውን የሰደበው መኪና መንዳት የሚያስተምረው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቀኑ ቅዳሜ፣ ጊዜው ረፋድ፣ ቦታው እዚያው የሰዳቢው በር ላይ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ወደ ሐይቁ ለመሄድ መኪና ሲሳፈር። አንድ ወንበር ጎደለ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ሲተያይ፣ ያ የመንጃ አስተማሪ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «ግድ የለም፣ እሱን ከዕቃው ጋር ጫኑት፤ ከዕቃ በምን ይለያል» አለ። ሁሉም ሳቀ። ሚስቱም ሳቀች። በኋላ አስነጥሷት እንደነበር ምላ ተገዝታለች፤ ሶፋ ሠሪው ግን ሳቅን ከማስነጠስ የማይለይ ሰው አይደለም። ድንኳኑንና ድስቱን ታቅፎ፣ ጉልበቱ አገጩን እየነካው ሄደ።

ሦስት ዓመት ሙሉ መልስ ሲፈልግ ኖረ። አንዱን ሲያገኝ ይረዝምበታል፣ ሌላው አጭር ሆኖ ይቀልበታል። የሚያንገበግበው ደግሞ ሰውየው የሚበልጠው በጥቂት ወራት ብቻ መሆኑ ነው፤ ግን ሚስቱ «ጋሼ» ስለምትለው እሱም «ጋሼ» እያለ፣ ለሰዳቢው ወንበር ለቆ እየተነሳ ይኖራል።

ዘንድሮ ቀን ወጣለት። ቤተሰቡ ሐይቁን ቀዝፎ ማዶ ካለው ደሴት ላይ ድንኳን ተክሎ ለማደር ታንኳ ሊገዛ ተስማማ። ማን ይምረጥ ሲባል ሚስቱ፣ መቀመጫ የሚያውቅ የእሷ ባል መሆኑን ተናገረች። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ እንጂ አልተቃወመም። ሶፋ ሠሪው ለዚያ ቀን ጸጉሩን ተስተካከለ። ታንኳውን የመረጠ ቦታውንም ይመርጣል፤ እሱ ከፊት ሊቀመጥና ያንን ሰው እስከ ደሴቱ ድረስ ጀርባውን ሊያሳየው ቆርጧል።

ታንኳ መሸጫው ዳገት አናት ላይ ያለ ሰፊ አዳራሽ ነው። ሚስቱና ወንድሟም የጉዞውን ጓዝ በመኪና ጭነው ከእሱ ጋር መጡ። ከበሩ እስከ ዋናው መንገድ ዕቃ የሚወርድበት የሲሚንቶ ተዳፋት አለ። ሻጩ ትሁት ሰው ነበር። አጭሩ ታንኳ ቶሎ እንደሚታጠፍ፣ ረጅሙ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነው ጭነት እንደሚችል አስረዳ። ሶፋ ሠሪው አንዱንም አልሰማ። ጎንበስ እያለ ወንበሮቹን በጡጫው ይደቃል፣ ጆሮውን ይሰጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ፣ ይህን የሠራ ሰው ራሱ መቀመጫ ያለው እንደማይመስለው ተናገረ።

በሙያው አንድ የማያፈርሰው ሥርዓት አለው። ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ቤተሰቡን በሙሉ፣ ባዶው የሶፋ እንጨት ላይ እንደየልማዱ ያስቀምጣል፤ አባት የት፣ እናት የት፣ ተጋድሞ ቴሌቪዥን የሚያየው የት። ሰው ሳይቀመጥበት የተለካ ሶፋ የጠላት ሶፋ ነው ባይ ነው። ስለዚህ ታንኳውም ሰውና ጓዝ ሳይጫንበት አይገዛም ብሎ ድርቅ አለ። ሻጩ ቢለምን ቢያግባባ ወይ ፍንክች። ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ ድስቱ፣ ምድጃው ሁሉ ከመኪና ተራግፎ፣ በሩ አፍ ላይ በተጋደመው ረጅም አረንጓዴ ታንኳ ውስጥ ተቆለለ። ሚስቱ መሃል፣ ፍራሹ ላይ ተሰየመች።

ሻጩ ለሁለቱ ወንዶች መቅዘፊያ ሰጣቸው፤ ሶፋ ሠሪው ከፊት ወጥቶ ተንደላቀቀ። ደስታው አፍታም አልቆየ። ከኋላው ያለው የመንጃ አስተማሪ፣ ተማሪ በሚያዝበት ድምፅ፣ «በግራ ቅዘፍ» አለው።

«ማን ነው ማንን የሚያዘው?»

ሻጩ ጣልቃ ገብቶ፣ በታንኳ ወግ የሚመራው ከኋላ ያለው እንደሆነ፣ የፊተኛው ጉልበት ብቻ እንደሆነ በትሕትና ገለጸ።

«በሬ ነኝ ማለት ነው» አለ ሶፋ ሠሪው።

«አንተው አልከው፤ ከእኛ አፍ መች ወጣ» አለ የመንጃ አስተማሪው።

ቦታ ይቀየር ተባለ። ሶፋ ሠሪው በሚስቱ ላይ ተሻግሮ ወደ ኋላ ሄደ። እዚያ ደግሞ ድንኳንና ድስት ከበው ጠበቁት። ከፊት የተቀመጠው ዞር እንኳ ሳይል፣ አሁን ገና ቦታውን እንዳገኘ ነገረው። ሚስቱ አስነጠሳት።

«ኋላ የሌለው ታንኳ አላችሁ?» አለ ሶፋ ሠሪው።

ሻጩ ከልቡ አሰበበት። «ኋላ ከሌለው ፊትም አይኖረውም። እሱ ገንዳ ነው።»

«ገንዳውን አሳየኝ።»

ገንዳ አይሸጡም። ግን ሻጩ ገበያው እንዳያመልጠው ሌላ ዘዴ አመጣ። ይህ ታንኳ ሁለቱም ጫፉ እኩል ሹል ነው፤ ሰው ፊቱን አዙሮ ከተቀመጠ ኋላው ፊት ይሆናል። ሶፋ ሠሪው ዓይኑ በራ። እዚያው እንዳለ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። የመንጃ አስተማሪው ግን እኔም ፊት ነኝ ብሎ ንቅንቅ አላለም። ጀርባና ጀርባ ተሰጣጡ። አሁን ሁለቱም ከፊት ናቸው፤ ሁለቱም ከኋላ ናቸው። መሃል ያለችው ሴት ወደ ማን ዞራ እንደምትቀመጥ ጨንቋት ወደ ጎን ዞረች።

«እንግዲህ የሚሄድበትን እናያለን» አለ የመንጃ አስተማሪው፤ መቅዘፊያውን ወለሉ ላይ ተከለ። ሶፋ ሠሪውም ተከለ። አንዱ ወደ አዳራሹ፣ አንዱ ወደ በሩ ይገፋ ጀመር። ወለል የምታጥበዋ ሴት በሰዓቷ መጥታ ነበርና የሳሙናው ውሃ በታንኳው ሥር አልፎ በተዳፋቱ ይወርዳል። ሻጩ ለሁለቱም አያያዛቸውን ያርማል። ሶፋ ሠሪው የሦስት ዓመት ቂሙን በክንዱ ላይ አዋለውና አንድ ጊዜ ገፋ።

ታንኳው በሩን ወጣ።

ተዳፋቱን እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። ሶፋ ሠሪው ከፊት ሆኖ ነፋሱ ጸጉሩን ሲበትነው፣ በሕይወቱ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አያውቅም። መኪኖች ሲጢጥ ብለው ቆሙ። ታንኳው ቀዩን መብራት አልፎ የእግረኛ ማቋረጫው ላይ፣ አስፋልቱን ሞልቶ ረጋ። ሰው ሁሉ ደህና ነው፤ ምድጃው ብቻ ተገለበጠ።

ትራፊክ ፖሊሱ ፈጥኖ ደረሰ። ሰሌዳ ፈልጎ ታንኳውን አንድ ጊዜ ዞረ፤ አጣ፤ ያንንም ጥፋት ቆጠረው። ከዚያ ደብተሩን ከፍቶ፣ «አሽከርካሪው ማን ነው?» አለ።

የመንጃ አስተማሪው ፊቱ አመድ ለበሰ። ቀይ መብራት የጣሰ አስተማሪ ፈቃዱን ይነጠቃል፤ እንጀራው ነው። ከታንኳው ዘሎ ወረደና ኮፍያውን አወለቀ።

«እሱ ነው፣ ጌታዬ» አለ። «መሪያችን እሱ ነው። ታንኳውን የመረጠ እሱ፣ ያስቀመጠን እሱ፣ ከፊት የነበረው እሱ። እኛ የእሱ ተከታዮች ነን። እህቴን ይጠይቋት።»

ሚስቱ ባሏን አየችው፤ በአንገቷ አዎንታ ሰጠች።

በአውቶቡሱ መስኮት አንገታቸውን ያወጡት፣ ሱቅ ደጃፍ የቆሙት፣ ከዳገቱ እየሮጠ የወረደው ሻጭ፣ ሁሉም ሰምቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ አፍ ሊሰማው የተመኘው ቃል፣ በአደባባይ፣ ኮፍያ ወልቆለት፣ ተነገረለት።

ትራፊኩ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ወደ እሱ ዞረ። «እውነት ነው? መሪው እርስዎ ነዎት?»

ሶፋ ሠሪው ፖሊሱን አየ፤ አማቹን አየ። መቅዘፊያውን ቀስ ብሎ ከዕቃው ጋር አጋደመ። ሱሪውን አራገፈና ወርዶ፣ በእግረኛው ማቋረጫ ነጫጭ መስመሮች ላይ ወደ ማዶ ሄደ። ትራፊኩ ደግሞ ጠራው። የመንጃ አስተማሪው «ወንድሜ! ኧረ አንድ ቃል!» እያለ ተጣራ። ዕቃ ምን ቃል አለው፤ እሱ ወደ ግራ ታጥፎ፣ በሱቆቹ በኩል መንገዱን ቀጠለ።